ጊታሯን ለእጇ የቃኘች

ሐምሌ 17 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ወደ ማምሻው ላይ። ሐምሌ እኛ ዘንድ የጃንጥላ፣ የጭቃና የጉም ወር ነው። ሮድ አይላንድ በምትባለው ትንሿ የአሜሪካ ግዛት ግን ሰው ጫማውን አውልቆ ሣር ላይ የሚቀመጥበት የበጋ እኩሌታ ነው። በኒውፖርት ወደብ አፍ ላይ ፎርት አዳምስ የሚባል አሮጌ የድንጋይ ምሽግ አለ። እሱን ተጠግቶ አሥር ሺህ ገደማ ሰው ምንጣፉን ዘርግቶ ተቀምጧል። ከፊት ለፊቱ ባለው ውሃ ላይ ደግሞ ጀልባቸውን አቁመው የሚያዳምጡ አሉ። የሦስት ቀኑ የኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል ሊያልቅ አንድ ዝግጅት ብቻ ቀርቶታል። ፕሮግራሙ ላይ የሰፈረው «ብራንዲ ካርላይልና ጓደኞቿ» የሚል ነው፤ ጓደኞቿ እነማን እንደሆኑ አልተጻፈም።

መድረኩ ላይ ሶፋና ወንበሮች ተደርድረዋል። የኮንሰርት መድረክ ሳይሆን እንግዳ የሚጠብቅ ሳሎን ይመስላል። ዘፋኟ ካርላይል ጥቂት ተናገረችና የምትጠብቃትን እንግዳ ጠራች። ቤሬት ኮፍያ ያደረገች፣ ጥቁር መነጽር የሰካች አሮጊት ቀስ ብላ ገባች። ሕዝቡ ለአፍታ ዝም አለና ከዚያ አገሩን በጩኸት ቀወጠው። ወንበሯ ላይ ስትደላደል ዙሪያዋን የከበቧት ሙዚቀኞች ራሳቸው ዓይናቸውን ማመን ያቃታቸው ይመስሉ ነበር።

ዘፋኟ ጆኒ ሚቼል ነበረች። 78 ዓመቷ ነው። (ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በዚህ ፌስቲቫል ለመጨረሻ ጊዜ የዘፈነችው በ1969 ነበር፤ 53 ዓመት ሆኖታል። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በማርች 2015፣ አንጎሏ ውስጥ ያለ የደም ሥር አብጦ ባደረሰባት ጉዳት ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ቤቷ ራሷን ስታ ተገኝታለች። ዕድሜ ልኳን የኖረችበትን መናገርና መራመድ እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው ተማረች። ከዚያ ወዲያ ጊታር ይዛ ሕዝብ ፊት ትቀመጣለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

በማግስቱ ጋዜጦች ነገሩን ተአምር አሉት። ለማለት ይቀላል፤ ችግሩ ተአምር ሲባል የሰው ድካም መረሳቱ ነው። የዚያን ቀን የታየው ነገር ሥሩ ወደ ኋላ ሰባ ዓመት ይሄዳል፤ መነሻውም ሆስፒታል ውስጥ የተኛች አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት።

በኋላ ጆኒ ሚቼል የተባለችው ሮቤርታ ጆአን አንደርሰን በኖቬምበር 7 ቀን 1943 በካናዳዋ አልበርታ፣ ፎርት ማክላውድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። አባቷ የአየር ኃይል ሰው ነበር፤ በኋላ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ውስጥ ሠርቷል። እናቷ አስተማሪ ነበረች። ልጅቱ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ፖሊዮ ያዛት። ክትባቱ ገና አልወጣም። ገና በደረሰበት ሰሞን ሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና የገና መዝሙሮችን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትዘምር እንደነበር ካደገች በኋላ አውርታለች። ተነስታ ሄደች፤ በሽታው ግን ባዶ እጁን አልተመለሰም። ግራ እጇን አድክሞት ቀረ። ሲጋራ የጀመረችውም በዚያው ዕድሜ ገደማ ነው፤ ይህ ደግሞ ለድምፅዋ ምን እንዳደረገ ወደፊት እናየዋለን።

ጊታር መማር ስትፈልግ እንደ ዘመኑ ወጣት ሁሉ አንድ የማስተማሪያ ሸክላ ገዛች። በሸክላው ላይ የሚያስተምረው ታዋቂው የፎክ ዘፋኝ ፒት ሲገር ነበር። ትምህርቱ ግን ጣቶቿን አልጠበቀም። ጊታር በተለመደው አቃኛኘቱ ሲቃኝ ግራ እጅ ብዙ ሥራ አለበት። አራት ጣት ተዘርግቶ የተለያዩ ክሮችን በተለያየ ቦታ መጫን፣ ከዚያ በቅጽበት ተነስቶ ሌላ ቅርጽ መያዝ አለበት። ጤነኛ እጅም ቢሆን ለወራት ያማርራል። የእሷ እጅ እምቢ አለ።

እዚህ ላይ የክራር ሰው የሆነ አንባቢ ነገሩን ከማንም ቀድሞ ይረዳዋል። ክራር ተጫዋች ትዝታን ጨርሶ ወደ ባቲ ወይም ወደ አምባሰል መሻገር ሲፈልግ ጣቱን አያስጨንቅም፤ ክሩን ነው የሚያላላው ወይም የሚያጠብቀው። ቀንበሩ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ አንዱን ክር ከፍ፣ አንዱን ዝቅ ያደርግና ቅኝቱን ይቀይራል። ዘፈኑ ያለው እጁ ላይ ብቻ አይደለም፤ ግማሹ ገና ሳይመታ ክሩ ላይ ተቀምጧል። ጊታር ግን በአብዛኛው እንዲህ አይደለም። ከቶሮንቶ እስከ አዲስ አበባ ስድስቱ ክሮች የሚቃኙበት አንድ የታወቀ መንገድ አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የጣት ዕዳ ነው።

ጆኒ ሚቼል ጊታሩን እንደ ክራር ያዘችው ማለት ይቻላል። በእርግጥ መንገዱን የፈጠረችው እሷ አይደለችም። የሚሲሲፒ ጥቁር የብሉዝ ተጫዋቾች ክሮቹን አላልተው፣ ምንም ጣት ሳያርፍባቸው ሲመቱ ሙሉ ኮርድ እንዲሰጡ አድርገው መቃኘትን ከእሷ በፊት ያውቁበታል። በእንዲህ ያለው ቅኝት አንድ ጣት በስድስቱም ክር ላይ ጋደም ካለ ሌላ ኮርድ ተገኘ ማለት ነው። ሁለት ጣት ከታከለበት ደግሞ ስሙ በመማሪያ መጽሐፍ የማይገኝ ድምፅ ይወጣል። ልዩነቱ እሷ አንድ ሁለት ቅኝት ይዛ አለመቆሟ ነው። በሥራ ዘመኗ ከሃምሳ በላይ ቅኝቶች ተጠቅማለች፤ ለዘፈን ሁሉ የራሱ ቤት ሠራችለት ማለት ነው። ሰነፍ እጅ አገኘኝ ብላ ከመቀመጥ ይልቅ መሣሪያውን ወደ እጇ አመጣችው። ከዚያም የወጣው ድምፅ አራት ጣት ያላቸውን ሁሉ አስቀና፤ የእሷን ዘፈን ለመጫወት የሞከረ የተማረ ጊታሪስት ቅኝቱን ካላወቀ ቢጥርም አይመጣለትም።

ዋጋም ነበረው። በየዘፈኑ መካከል ክር ማጠባበቅና ማላላት ተመልካች ያሰለቻል፣ የክሩም ጠባይ ይበላሻል። በዘጠናዎቹ ከዚህ ጣጣ የተነሳ መድረክ ልትተው አስባ ነበር። ያስቀራት ሮላንድ የተባለው ኩባንያ የሠራው ቪጂ ኤይት የሚባል መሣሪያ ነው። የጊታሩ ክር ሳይነካ የሚወጣውን ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ ወደሚፈለገው ቅኝት ይቀይራል።

ወደ ኒውፖርት እንመለስ። ሚቼል መጀመሪያ እዚያ የዘፈነችው በ1967 ነው። አምጥታ ያስተዋወቀቻት ዘፋኟ ጁዲ ኮሊንስ ነበረች። ያን ጊዜ 23 ዓመቷ ነበር፤ ስሟም ከሰፈር ቡና ቤቶች ብዙም አልራቀም። ዘፈኖቿ ግን ከእሷ ቀድመው መጓዝ ጀምረው ነበር። «ቦዝ ሳይድስ ናው» የተባለውን ዘፈኗን ኮሊንስ በዚያው ዓመት ቀዳችው፤ በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ ከአሥሩ ተሰሚ ዘፈኖች አንዱ ሆነ። ሚቼል ይህን ዘፈን የጻፈችው አውሮፕላን ውስጥ የሶል ቤሎውን «ሄንደርሰን ዘ ሬይን ኪንግ» እያነበበች ሳለ ነው። የልብ ወለዱ ባለታሪክ ወደ አፍሪካ ሲበር ከላይ ሆኖ ደመናን ቁልቁል ያያል። እሷም መጽሐፉን አጥፋ በመስኮት ተመለከተች። ከዚያ የወጣው ዘፈን ደመናን፣ ፍቅርንና ሕይወትን ከሁለት ወገን አይቶ ገና ምንም እንዳልገባው የሚናገር ሰው ዘፈን ነው። በ23 ዓመት እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ድፍረት ነው፤ በዚያ ዘመንም ልጅቱ ይህን ከየት አወቀችው ያሉ ነበሩ።

ፌስቲቫሉን በ1959 የመሠረተው የጃዝ ሰው ጆርጅ ዊን ነው። እነ ፒት ሲገርም አብረውት ነበሩ። ያለ ማስታወቂያ ሰው መድረክ ላይ ማውጣት ከጥንት ጀምሮ ያለ ልማዱ ነው። ገና በመጀመሪያው ዓመት ቦብ ጊብሰን የተባለ ዘፋኝ በራሱ ዝግጅት መካከል የ18 ዓመት ልጅ ጠርቶ አወጣ፤ ልጅቱ ጆአን ባኤዝ ነበረች። በ1965 ቦብ ዲላን የኤሌክትሪክ ጊታር አንስቶ ያስነሳውን ግርግር ግን ሰው ሁሉ ያወራዋል፤ ፊልምም ተሠርቶለታል፤ እንለፈው።

ከዚያ ይልቅ ለዚህ ታሪክ የሚቀርበው ሌላ ነው። በስልሳዎቹ መጀመሪያ የድሮ የብሉዝ ሸክላዎችን የሚሰበስቡ ወጣቶች ዘፋኞቹን ራሳቸውን ፍለጋ ወጡ። ሚሲሲፒ ጆን ኸርት በ1928 ዘፍኖ ከዚያ ጠፍቶ ነበር። በዘፈኑ ውስጥ አቫሎን የምትባል መንደር ስለጠቀሰ መንደሪቱን ካርታ ላይ ፈልገው ሲሄዱ ሰውዬው እዚያው ግብርና ላይ ተገኘ። በዚያው ዓመት፣ በ1963፣ ሰባ ዓመቱን ይዞ ኒውፖርት መድረክ ላይ ተቀመጠ። ስኪፕ ጄምስ በ1931 ሸክላ ከቀረጸ በኋላ ድምፁ አልተሰማም፤ በ1964 ሚሲሲፒ ውስጥ ሆስፒታል ተኝቶ አገኙት፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እሱም ኒውፖርት ነበር።

የሰን ሃውስ ታሪክ ደግሞ ከሁሉ ይደንቃል። በ1930 ሸክላ ላይ ዘፍኗል፤ በ1964 ኒውዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ ውስጥ ሲያገኙት ግን ጊታር የሚባል ቤቱ የለም፤ ዘፈኖቹንም ረስቷቸዋል። አላን ዊልሰን የተባለ ሃያ ዓመት ገና የሞላው ነጭ ወጣት እነዚያን ሸክላዎች ጠንቅቆ ያውቃቸው ነበርና አጠገቡ ተቀምጦ የራሱን ዘፈን ለራሱ መልሶ አስተማረው። ሽማግሌው እንዴት እንደ ሰን ሃውስ መጫወት እንዳለበት ከልጅ እግር ተማረ። በ1965 ኒውፖርት ላይ ተጫወተ።

እንግዲህ በ2022 መድረክ ላይ የተዘረጋው ሳሎን ይህን ሁሉ ታሪክ ከኋላው ይዟል።

ሳሎኑም የእውነት ሳሎን ነበረው። ከሕመሟ በኋላ በጆኒ ሚቼል የሎስ አንጀለስ ቤት ሙዚቀኞች መሰባሰብ ጀመሩ። ሰብሳቢዋ በ1981 የተወለደችው ብራንዲ ካርላይል ነበረች። ቤቱን ከረገጡት መካከል ፖል ማካርትኒ፣ ኤልተን ጆን፣ ኸርቢ ሃንኮክና ቻካ ካን ይገኛሉ። ግብዣው ሥነ ሥርዓት የለውም፤ አንዱ ይዘፍናል፣ ሌላው ያጅባል፣ ባለቤቲቱ ታዳምጣለች። መጀመሪያ ማዳመጥ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ በመካከል አንድ ቃል ጣል ማድረግ ጀመረች፤ ከዚያ አንድ ስንኝ፤ ከዚያ ሙሉ ዘፈን። የተማሩ ሐኪሞች ያደረጉት ይኖራል፤ ይህም ግን ሕክምና ነበር ብሎ መናገር ከእውነት አያርቅም። ጠላ ቤትም ሆነ አዝማሪ ቤት የተቀመጠ ሰው እንደሚያውቀው አብሮ ሲዘፈን አፍ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

ጊታሩ ግን ለብቻው ነው። ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ያቺ ሃምሳ ቅኝት የምታውቅ ሴት ጣቷ ክሩ ላይ የት እንደሚያርፍ ጠፍቷት ነበር። ምን እንዳደረገች ከዝግጅቱ በኋላ ለሲቢኤስ ቴሌቪዥን ተናግራለች፦ ኢንተርኔት ላይ ያሉ የድሮ ቪዲዮዎቿን ከፍታ ጣቶቿ የት የት ያርፉ እንደነበር እያየች ተማረች። ሰን ሃውስ አላን ዊልሰን ነበረው። ጆኒ ሚቼል ያላት አስተማሪ ወጣቷ ጆኒ ሚቼል ነበረች፤ እሷም ደካማ እጇን የምታሳርፍበትን ቦታ በራሷ ፈልጋ ያገኘች አስተማሪ ናት።

በዚያ እሑድ 13 ዘፈኖች ተዘፈኑ። በአንዳንዱ ካርላይል ትመራለች፣ በአንዳንዱ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ሚቼል ስትፈልግ ትገባለች፣ ስትፈልግ ትስቃለች። የጋርሽዊንን «ሰመርታይም» ስትዘፍን የጃዝ ሰው እንደሆነች ለሚጠራጠር ጥርጣሬው ለቀቀው። ድምፅዋ የድሮው አይደለም። ስልሳዎቹ ላይ እንደ ፉጨት ሽቅብ ይወጣ የነበረው ድምፅ ከዕድሜና ከሲጋራ ጋር ወርዶ ወርዶ መሬት ነክቷል። ይህ ኪሳራ ነው የሚል አለ። እኔ ግን «ቦዝ ሳይድስ ናው»ን ያዳመጠ ሰው እንዲህ ይላል ብዬ አላምንም።

ዘፈኑ በፒያኖ ተጀመረ። በ23 ዓመቷ ገምታ የጻፈችውን በ78 ዓመቷ ምስክር ሆና ዘፈነችው። ከኋላዋ የነበረችው ዘፋኝ ዋይኖና ጀድ ፊቷን መሸሸግ ተስኗት ታለቅሳለች። ጀድ እናቷን፣ የካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኟን ናኦሚ ጀድን፣ ከቀበረች ሦስት ወር አልሞላትም። ቪዲዮው በዓለም ሲዞር ሰዎች ደጋግመው ያዩት ይህን የጀድን ፊት ነው፤ አይፈረድባቸውም።

የዕለቱ ትልቅ ወሬ ግን ሌላ ይመስለኛል፤ ብዙ ያልተወራለት።

በመካከል ላይ ሚቼል ተነስታ ቆመች። የኤሌክትሪክ ጊታር ሰጧት። በ1974 ከወጣው «ኮርት ኤንድ ስፓርክ» ከተባለው አልበሟ «ጀስት ላይክ ዚስ ትሬን»ን ልትጫወት ነው፤ ያለ ቃል፣ በጊታር ብቻ። ለምን ያለ ቃል? ምክንያቱን በዚያው ቃለ ምልልስ ተናግራለች፤ ከፍ ያለው ሶፕራኖ ድምፅዋ ቀርቶ ዝቅ ያለ አልቶ ሆናለች፤ የዘፈኑ ቁልፍ ለድምፅዋ አይደርስላትም። የጊታሩን ክፍል ግን ትወደዋለች። ስለዚህ እሱን ብቻ ተጫወተች። የሰባ ዓመቱ ነገር እዚህ ላይ ተደገመ ማለት ነው። በልጅነቷ እጇ ለጊታሩ አልደርስ ሲል ጊታሩን ቀየረች፤ በእርጅናዋ ድምፅዋ ለዘፈኑ አልደርስ ሲል ድምፁን ትታ እጇን አመጣች።

አጨዋወቷ እንከን አልባ አልነበረም። ቸኩላ አይደለችም፤ አንዱን ሐረግ ትመታና ሌላውን ትፈልገዋለች፣ ታገኘዋለች። ግራ እጇ አንገቱ ላይ አጭር አጭር መንገድ ይሄዳል፤ ብዙ አይዘረጋም፤ ክሩ ራሱ የሚሰጠውን ይቀበላል። ዙሪያዋን የተቀመጡት ሙዚቀኞች ደግሞ እንደ ተማሪ ትክ ብለው ያዩዋታል። ጊታር ተጫዋች የሆነ ሰው ምን እንደሚያዩ ያውቃል። ሲያበቃ ጩኸቱ ከዘፈኖቹ ጭብጨባ ያንስ አልነበረም። እሷም የሕዝቡ አቀባበል እንዳስደሰታት በኋላ አልደበቀችም። ዝግጅቱ በ«ዘ ሰርክል ጌም» ተዘጋ፤ መድረኩም ሜዳውም አብሮ ዘፈነ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በዚያ አልቆመም። በጁን 2023 በዋሽንግተን ግዛት ጎርጅ በተባለው የአደባባይ ቴአትር፣ ከሃያ ዓመት በላይ ከቆየ ዝምታ በኋላ በራሷ ስም ኮንሰርት አቀረበች። የኒውፖርቱ ቀረጻ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ በአልበም ወጣ። በፌብሩዋሪ 2024 የግራሚን የምርጥ ፎክ አልበም ሽልማት አገኘ፤ በዚያው ምሽት የ80 ዓመቷ ሚቼል በግራሚ መድረክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘፈነች። በኦክቶበር 2024 ሎስ አንጀለስ ሆሊውድ ቦውል ላይ ሁለት ሌሊት ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ዝግጅት አሳየች።

የኒውፖርቱ ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ አለ። «ቦዝ ሳይድስ ናው»ን አይቶ ያለቀሰ አንባቢ ካለ አምስት ደቂቃ ይጨምርና «ጀስት ላይክ ዚስ ትሬን»ንም ይፈልገው፤ ሲያየውም ፊቷን ትቶ ግራ እጇን ይመልከት።